ላልቶ ሲነበብ

እኔና ትምህርት የተፋታነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ሽማግሌ አልገባም፣ ንብረትም አልተካፈልንም፤ እሱ ወደሚሻሉት ሄደ፣ እኔ ወደ ባና ንግድ ገባሁ። አሁን መሐል ሜዳ መናኸሪያው ጥግ ተቀምጬ ያንን ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ ለመንገደኛ እሸጣለሁ። «ያሞቃል?» ያለኝን ሁሉ፣ «ባለፈው አንድ ሾፌር ለብሶት ቢያድር፣ ኪሱ ውስጥ የረሳው ጥሬ ሽምብራ ጠዋት ተቆልቶ ተገኘ» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ስቆ የማይገዛ ጥቂት ነው። የአገሬ ሰው ውሸቴን አውቆ ይቅር ብሎኛል፣ እኔም በውሸቴ አፍሬ አላውቅም። የሚያሳፍረኝ በልጅነቴ ሰው በተሰበሰበበት የተናገርኩት፣ እልል የተባለልኝና የተመረቅኩበት እውነት ነው።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከቀየት ገበያ ወጣ ብሎ፣ አፋፍ ላይ፣ ነፋስ አርፎ በማያውቅበት ቦታ ነበር። «የኛ ዶሮ ትጥላለች፣ እንቁላሉ የሚያርፈው ጎረቤት ቤት ነው» እያልኩ ለክፍል ጓደኞቼ አወራ ነበር። አባቴ አወቀ በዚያ ዓመት ሞባይል ገዛ። ስልኩ ቤት ውስጥ ድንጋይ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከጓሮው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልኩን ይዤ ጉብታው ላይ እወጣለሁ፣ መልእክት ከመጣ ይዤ እወርዳለሁ። ሌላ ሰው ቢወጣ ማንበብ አይችልም። በዚያ ጊዜ ሰው አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ነበር የሚልከው። አባቴ ዳዊት ይደግማል፤ ሀሁውን እንደ ጣቶቹ ያውቀዋል፤ ኤቢሲዲ የምትቆጥር ግን በቤቱ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለቀጣፊ ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም። አንዴ የመጣ ማስታወቂያ «ለልጅዎ ብስኩት ይግዙ ይላል» ብዬ አባቴን ብስኩት አስገዝቼዋለሁ።

ሸዋረግ የአባቴ እህት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ቅጥፈቱን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የቀኝ እጇ አንጓ ጠማማ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት «በቅሎ ጥላኝ» ትላለች። በቅሎዋ ግን ተራ በቅሎ አልነበረችም። አንድ ቀን ከጓሳ ተነስታ ራቤል እስክትደርስ እግሯ መሬት አልነካም፤ ሌላ ቀን ደግሞ የቄሱን ጥምጥም እንደ ገለባ በልታዋለች። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አድጌም የራሴን እየጨመርኩበት ስንት ቦታ አወራሁት። ባሏ ይታየው በቅሎ ኖሮት እንደማያውቅ ያሰብኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ባና አሸክሜ ስሄድ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይነግረኝ ነው።

ይታየውን እወደው ነበር። ሲመጣ ከኮቱ ኪስ ከረሜላ ያወጣል፣ በፉጨት አውራ ዶሮ ያስጮኻል፣ «ወይዘሮ እፀገነት፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ ባርኔጣውን ያነሳልኛል። ትልልቆቹ ስለሱ ሲነሳ፣ «ሰው ጥሩ ነበር፤ እጁ ይቀድመዋል እንጂ» ይላሉ። ይኼ ገርሞኝ ከኋላው እየተከተልኩ ሲራመድ አየው ነበር። እጁ ከእሱ ቀድሞ ሲደርስ አላየሁም። በድንበር ተጣልቶ የጎረቤቱን ራስ በዱላ ፈንክቶ ሲታሰር፣ እኔ የታሰረው ጎበዝ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቤቷን እስከ ማታ እየዘጋች ቀኑን እኛ ዘንድ ከእናቴ ጋር ጠጉር ስትፈትል ትውላለች። እናቴ የምሥራች ትባላለች፤ ንግግር አታበዛም። አንድ ቀን በሩ አጠገብ ኩበት ስደረድር እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ምን አለ ቢፈታሽ?» አለች እናቴ።

«ይታየው? እሱ የያዘውን ሲለቅ የት አየሽ?»

«አንቺስ ብትፈቺው?»

«ወንድሜን ታውቂው የለ? ‹ባሏ ታስሮ ጥላው ሄደች› ከሚባል ሬሳዬን ቢያወጣ ይመርጣል። ያልታሰረ ባል ይፈታል። የታሰረ ባል አይፈታም።» ጠጉሩን ሳበችው። «ይታየው ራሱ በአፉ ካላለው በቀር፣ አይሆንም።»

እናቴ አየችኝና «አንቺ ጆሮሽን እዚያ ደርድሪው ወይስ ኩበቱን?» አለችኝ። እኔ ከነገሩ የገባኝ፣ እትዬ ባሏ ናፍቋት እንደከፋት ብቻ ነበር።

መልእክቱ የመጣው ከዚያ ትንሽ ቀን ቆይቶ ነው። ላኪው ብሩ የሚባል የይታየው የአጎት ልጅ፣ ወህኒው ካለበት ከተማ የሚኖር ነው። አጭር ነበረች። «ይታየው ሊፈታ ነው። ለሸዋረግ ንገሩ።» እናንተ አሁን በኛ ፊደል አያችኋት፤ እኔ ግን ኤሉን፣ አዩን፣ ኤፉን፣ ኢውን፣ ቲውን፣ ኤውን አንድ በአንድ እንደ ምስር ለቅሜ ነው። ለቅሜ ስጨርስ አፌ ላይ የመጣው ያ እናቴ ያለችው «ቢፈታሽ» ነበር። ስለዚህ አላልቼ አነበብኩት። ከጉብታው እየበረርኩ ወረድኩ።

«እትዬ፣ መልእክት መጥቷል። ያንቺ ነው።»

«የምን የኔ? ብስኩት ግዢ ይላል?»

«ይታየው ሊፈታ ነው ይላል።»

እንዝርቷ በአየር ላይ ቆመ። ፈትሉ ተበጥሶ እንዝርቱ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ማንም አላነሳውም።

«ማንን?» አለች እናቴ።

«እትዬን ነዋ። ለሸዋረግ ንገሩ ይላል።»

እናቴ ወደ እትዬ ዞረች። እትዬ እኔን ታያለች። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «እንደዚያው አድርገሽ ድገሚው።» እንደዚያው አድርጌ ደገምኩት። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣችና ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ የምታለቅስ መስሎኝ። ዛሬ ያንን ትከሻ ሳስበው ለቅሶ አይመስለኝም።

አባቴ ከእርሻ ሲገባ ነገርነው። ሞፈሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ከወህኒ ተቀምጦ? በስልክ?» አለ። «ሽማግሌ የለው፣ ሰው የለው?» ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «ልደውልለት።»

«ደውል» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «ደውለህ ‹እህቴን አትፍታብኝ› በለው።»

አባቴ ስልኩን እንደ ጋለ ድንጋይ መደቡ ላይ አስቀመጠው። «እኔ አወቀ? ለፈታ ሰው? አልደውልም።»

«ክብርህ ነው ወንድሜ» አለች እትዬ፣ ራሷን ደፍታ።

«ከፈታሽ ተፈትተሻል። ከእንግዲህ የሚወቀስ እሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ወደምትፈልጊበት ሂጂ፤ የሚናገርሽ ካለ እኔ አለሁ።»

ራቤል ከተማ ውስጥ ጌታነሽ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት፤ ጠጉር ገዝታ ታስፈትላለች፣ ባና ታሠራለች፣ ቤትም ጓዳም አላት። እትዬ ወደሷ ልትሄድ ተቆረጠ።

የምትሸኝበት ቀን እስኪደርስ የነበሩትን ቀናት በሐፍረት ነው ያሳለፍኳቸው። መርዶውን ያነበብኩ እኔ ነኝ። የሰፈሩ ልጆች «መርዶ ነጋሪ» ይሉኛል፤ ጎረቤቶች እትዬን ሊያጽናኑ ሲመጡ እኔን አይተው ከንፈር ይመጣሉ። እትዬ እነሱ ፊት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ሲወጡ ግን ልብስ ታጥባለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ራሴን ትሠራኛለች። ሐዘኗን ለኔ ስትል የደበቀች መስሎኝ ይበልጥ አፍራለሁ። አንድ ቀን እየሠራችኝ ሳለ ስለ በቅሎዋ ጠየቅኳት።

«ሄደች» አለችኝ።

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ። ገመዱን የሆነ ሰው አላልቶት ነበር፣ ሄደች።» ሹሩባዬን ጠበቅ አድርጋ ሳበችውና ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላም።

የምትሄድበት ቀን ገበያ ነበር። ራቤል የሚደርሰው አይሱዙ ከቀየት ከቀትር በኋላ ይነሳል። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ወደ መኪናው ስትሄድ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ስለምታልፍ በእረፍት ሰዓት እንድሰናበታት ተነጋግረን ነበር።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ዳኜ ያን ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈ። «አንታይ» ብሎ አነበበው። ከዚያ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ የጫማውን ክር ሳብ አድርጎ ፈታው። «ይኼ ነው አንታይ። ታይ ማሰር ነው፤ አን ከፊቱ ሲቆም ያሰርከውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እንግሊዞች ዘንድ አን ሁለት ነው። አንዱ ‹አይደለም› ይላል። ይኼኛው ግን ‹ነበረ፣ አሁን ቀረ› ይላል። ድሮ የተለያዩ ነበሩ፣ በዘመን ብዛት መልካቸው አንድ ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ ያልታሰረ ነገር አንታይ አይባልም።»

እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ እንግዲያው አንበሳ ማለት በፊት በሳ የነበረ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። «አንቺም በፊት ቺ የነበርሽ ነሽ፤ ተቀመጪ» አለኝ። እሱም ሳቀ። «እስቲ በአማርኛ መፍታት ምን ምኑ ነው?»

ጭነት ይፈታል አሉ። ሕልም፣ እንቆቅልሽ፣ ሒሳብ። ዲያቆኑ ልጅ «ቄስ ከኃጢአት ይፈታል» አለ። አንዷ «ሕፃን አፉን ይፈታል» አለች። እኔ መርዶ ነጋሪ መባሌን በኩራት ልለውጠው አሰብኩ መሰለኝ፣ ተነስቼ «ባል ሚስቱን ይፈታል፤ በእንግሊዝ ፊደል የተጻፈ ፍቺ አንብቤያለሁ» አልኩ።

መምህር ዳኜ ጠመኔውን ሰጠኝ። ጻፍኩት። አነበብኩት።

«ማንን ነው የሚፈታው?»

«ሚስቱን።»

«እሱ የት ነው ያለው?»

«ወህኒ ቤት።»

ከኋላ የሆነ ልጅ ሳቀ። እኔ ገና አልገባኝም። መምህር ዳኜ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። «አጥብቂው እስቲ። ፈውንም ታውንም አጥብቂና አንብቢው።»

አጠበቅኩት። ያው ፊደል፣ ያው ቃል፣ ከአፌ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆነ። የሚፈታው ሚስቱን አይደለም። ራሱ ነው። ከእስር።

«የጻፈው ሰው ቲውን ቢደግማት ኖሮ ትጠብቅልሽ ነበር» አለ መምህር ዳኜ። «ቢሆንም ሚስቱን ቢሆን ‹ሊፈታት ነው› ይላል እንጂ ‹ሊፈታ ነው› ብሎ አያቆምም። አማርኛ እኮ ነው፣ እፀገነት። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።»

ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። ፊቴ ነደደ። በውሸት ተይዤ አውቃለሁ፣ ቆዳዬ ለምዶታል፤ በስህተት ግን ተይዤ አላውቅም ነበር። እትዬ በኔ ምላስ ከቤቷ ልትወጣ ነው። ይታየው ከረሜላውን ይዞ ሲመጣ ባዶ ቤት ሊጠብቀው ነው። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። መምህር ዳኜ ስሜን እየጠራ ከኋላዬ መጣ።

ባለፈው ዓመት እትዬን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ። በግራ ጆሮዋ አትሰማም፤ ነፋስ ገብቶት ነው ትላለች፣ እኔም በዚህኛው ላይ ምንም ጨምሬበት አላውቅም። ይታየው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ለልጆች ያፏጭላቸው ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እትዬ፣ ያን ጊዜ አላልቼ ሳነብልሽ አምነሽኝ ነበር?» አልኳት።

ከጠጉሩ ላይ እሾህ ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም።

«‹ት› የለበትማ» አለች። «እኔን ቢሆን ‹ሊፈታት ነው› ይል የለ። እኔ አልተማርኩም እንጂ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን—»

«እናትሽም ታውቅ ነበር። ነፍሷን ይማርና አንድ ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።» እሾኋን ነቅላ ጣለቻት። «አንቺ ልጅ ነበርሽ። ተይው።»

ተይው አለችኝ። እኔ ግን እነሆ።

ያን ቀን በአጥሩ በኩል ቀድማኝ አልፋ ኖሯል፤ መኪናው ጋ ስደርስ ጭነቱ ጣሪያው ላይ ታስሯል። እትዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ አዲስ ነጠላ፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር፣ ጭኗ ላይ ዳቦ በአገልግል። አባቴ በመስኮቱ በኩል እጇን ይዞ ምክር ይመክራታል። እናቴ ትንሽ ፈንጠር ብላ ቆማለች። ሸኚና ገበያተኛ ከቧቸዋል።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነው» አልኩ፣ እያለከለክሁ። «ሊፈታት አይደለም። ሊፈታ ነው። ከእስር ቤት ሊወጣ ነው።»

እናቴ እንዴት እንደደረሰች አላየሁም፤ ክንዴን ይዛኛለች፣ ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ገብተዋል።

«ዝም በይ» አለች በጆሮዬ። ከዚያ ወደ ሰው ዞራ ሳቀች፤ እናቴ ሰው ፊት አትስቅም ነበር። «ይቺን ልጅ እንደሆነ ታውቋታላችሁ። አክስቷ እንዳትሄድባት ነው። የሷን ወሬ ማን ያምናል፣ ቀጣፊ ናት። ሂድ ልጄ፣ ንዳው» አለችው ሾፌሩን።

ገበያተኛው ሳቀ። «የብስኩቷ ልጅ» አለ አንዱ። ያ ሳቅ አቃጠለኝ። እድሜ ልኬን ስዋሽ ያመኑኝ ሰዎች፣ እውነት ስናገር ሳቁብኝ፤ ያውም የገዛ እናቴ። «በጻድቁ ይሁንብኝ» አልኩ። እያለቀስኩ። «መምህር ነው ያለው። መምህርን ጠይቁት።»

መምህር ዳኜም ደረሰ፣ አንዱ ጫማው ክሩ እንደተፈታ። አባቴ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። እናቴ፣ «ጋሼ ዳኜ፣ የልጅ ነገር ነው፣ መኪናው ይቸኩላል» አለችው። እሱ የከተማ ሰው ነው፣ የኛን ነገር ምን ያውቃል። ስልኩን በእጁ ከፀሐይ ከልሎ አነበበ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። «ልጅቷ ልክ ናት። ሰውየው ሊፈታ ነው።» አጥብቆ አነበበው፤ እስከ ገበያው ዳር ተሰማ።

ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እልልታው ቀለጠ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሰማይ አየ። «ሳላውቅ እህቴን ከቤቷ ላባርራት ነበር» አለ። ግንባሬን ሳመኝ፤ አባቴ ሰው ፊት ስሞኝ አያውቅም። «ተባረኪ። ከንግዲህ የሚቀጥፍ አንደበትሽ እውነት ይናገር» አለኝ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ከሐፍረቴ ወጥቼ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

እትዬ በመስኮቱ ውስጥ ነበረች። ወደ ፊት ወደ መንገዱ ታይ ነበር እንጂ ወደኛ አልዞረችም። ደስታው አደንግዟት ነው ብዬ «እትዬ፣ ሰምተሻል?» አልኳት። ያኔ ዞረች። «ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ጥሩ አነበብሽ።»

አባቴ ረዳቱን «ጭነቷን ፍታልኝ» አለው።

«ገና አሁን ማሰሬ ነው እኮ ጋሼ» አለ ረዳቱ ከጣሪያው ላይ። «ትሄዳለች ወይስ አትሄድም?»

ሁላችንም እሷን አየን። ሰውም ዝም ብሎ ጠበቀ። ዛሬ ላይ ሆኜ ወደዚያ ዝምታ ብዙ ጊዜ እመለሳለሁ። ወንድሟ አጠገቧ ነበር፣ የደብሩ ሰው በሙሉ ቆሟል፣ ባሏ እስር ላይ ነው፣ ይኸው ሁሉም በጆሮው ሰምቷል። አገልግሏን ከጭኗ አነሳች።

«ፍታው ልጄ» አለችው ረዳቱን። «ይቅርታ፣ አደከምንህ።»

ወረደች። ጭነቷን እኔ ልሸከም አልኩ። ባናው፣ ልብሷ፣ እንዝርቶቿ፣ አንድ ላይ የታሰሩ ነበሩ፤ አናቴ ላይ አድርጌ ፊት ፊት ሄድኩ። እናቴ ከኋላ ነበረች። ያን ቀን ማታም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም፤ ከትምህርት ቤት ሳላስፈቅድ ስለወጣሁ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ከገበያው እስከ ቤታቸው መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰውም ይበዛበታል። ለሚመጣው ሁሉ እነግራለሁ። «ይታየው ሊፈታ ነው፣ እትዬ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ።» ሰዎቹ እትዬን እየሳሙ እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል፣ እሷም እንኳን አብሮ ደስ አለን ትላቸዋለች። እኔ አላስችል ብሎኝ እሮጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ፤ ጭነቱ አናቴ ላይ ይዘላል።

«እፁ፣ ቀስ በይ» አለችኝ ከኋላዬ። «ምን ያስሮጥሻል? ቤቱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅሁ።